በጠይም እግር ላይ የወጡ ጥቃቅን ደም ስሮች፦ ሌዘር ከመተኮስዎ በፊት

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ የምኖር የ38 ዓመት መምህርት ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጭኔ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ወጡብኝ። ከዓመት ወዲህ ደግሞ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚቴ በኩል እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን ስሮች አያለሁ። ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል። ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ስላለ ከዚያ በፊት ባጠፋው ደስ ይለኛል። አንድ የውበት ሳሎን 'በሌዘር በአንድ ቀን እናጠፋልሻለን' ብሎኛል። ቆዳዬ ጠይም ነው። እህቴም ፊቷን የሚያቀላ ክሬም ትቀባለች፤ እሷም ጉንጯ ላይ ቀይ መስመሮች አውጥታለች። አብረን ብንተኮስ ምን ይመስላችኋል?»

ውድ እህታችን፣ ቀጠሮ ይዘው ከሆነ ይሰርዙት። ሌዘር ራሱ መጥፎ ሕክምና ስለሆነ አይደለም። እግርዎን ገና በወጉ ያየው ሰው የለም፤ ደግሞም ጠይም ቆዳ ላይ የሚተኮሰው ሌዘር የትኛው እንደሆነ ያልጠየቀ ሳሎን እግርዎን ሊነካ አይገባም።

በመጀመሪያ፣ የጭንዎና የቁርጭምጭሚትዎ ነገር ለየቅል ነው። ጭን ላይ የተበተኑት መስመሮች ውፍረታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ ቆዳ ውስጥ የሰፉ ደም መልሶች ናቸው፤ ሐኪሞች ስፓይደር ቬን ይሏቸዋል። ከሥራቸው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መጋቢ ስር ይኖራል። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፍቶና ተጠማዞ ከቆዳ በላይ ያበጠው ደግሞ ቫሪኮስ ነው። እርግዝና፣ የቤተሰብ ዘር፣ ሆርሞን፣ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ መዋል፣ ሁሉም ያመጡታል። የጭኑ በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ነው።

የቁርጭምጭሚቱ ማራገቢያ ግን ያሳስበናል። የእግር ደም መልሶች ውስጥ፣ ወደ ልብ የሚወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጉ ቫልቮች አሉ። እነዚህ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሰው ቆሞ ሲውል ግፊቱ የሚያርፈው ደግሞ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። የደም መልስ በሽታን ከ0 እስከ 6 በደረጃ የሚከፍለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲከለስ ይህን ምልክት 4ኛው ደረጃ ውስጥ፣ ከቆዳ መጥቆርና መድረቅ ጎን አስቀምጦታል። የጭንዎ ዓይነቱ 1ኛ ደረጃ ነው፤ 6ኛው ያልዳነ ክፍት ቁስል ነው። የማታው የእግር መክበድ ሲጨመርበት፣ ከላይ የሚታየውን ብቻ ማቃጠል ትርፉ ድካም ነው። ከሥር ያለው ግፊት ካልተነካ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ መስመር ይወጣል።

ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ የእግር ደም መልስ ዶፕለር አልትራሳውንድ፣ ማለት የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ፤ ለሐኪሙ «ቁርጭምጭሚቴ ላይ ማራገቢያ መሳይ ስሮች አሉ፣ ማታ ይከብደኛል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ምርመራው ሲደረግ ቆመው መታየትዎን ያረጋግጡ። ሐኪሙ ባትዎን ጨምቆ ሲለቅ ደሙ ወደ ታች ይመለስ እንደሆነ ይመለከታል፤ ከቆዳው ሥር ባሉት ስሮች ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከተመለሰ ቫልቩ ላልቷል ማለት ነው። ተኝተው ብቻ ከታዩ መላላቱ ሊደበቅ ይችላል። ዋናው ስር ላይ እንዲህ ያለ ችግር ከተገኘ፣ በማደንዘዣ ቀጭን የሌዘር ሽቦ ወደ ስሩ ውስጥ አስገብቶ ከውስጥ የሚዘጋ ሌላ ሕክምና አለ። ሁለቱም «ሌዘር» ስለሚባሉ ሰው ያምታታቸዋል። ያኛው በደም ስር ሐኪም የሚሠራ ነው፤ ከቆዳ ላይ ከሚተኮሰው ጋር አንድ አይደለም።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ቤትዎ የሚያደርጉት አንድ ፍተሻ አለ። ንጹሕ ብርጭቆ ወስደው በታችኛው ግልጽ በኩል መስመሩ ላይ ጫን ይበሉና በብርጭቆው ውስጥ ይመልከቱ። ደም ስር ከሆነ ሲጫኑት ይጠፋል፣ ሲለቁት ወዲያው ይሞላል። የማይጠፋ ቡናማ መረብ ከሆነ ግን ስር ላይሆን ይችላል። ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዱካ ተቀምጦ ለዓመታት ከሰል አጠገብ ቡና ማፍላት፣ ወይም እግርን ምጣድ ሥር አስጠግቶ እንጀራ መጋገር፣ ባትና ጭን ላይ መረብ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት ያወጣል። መነሻው ደጋግሞ የሚያርፍ ሙቀት ነው። መድኃኒቱ ከሙቀቱ መራቅ ነው፤ ለስር የሚተኮስ ሌዘር ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል እንጂ አይረዳውም። ምልክቱ ሻካራ ከሆነ ወይም ከቆሰለ የቆዳ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ሌዘሩ። የሥራው መሠረት በ1983 እ.ኤ.አ. አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የገለጹት ነው፦ የብርሃኑ ቀለም ከታለመለት ነገር ጋር ከተስማማና እያንዳንዱ ምት (ብልጭታ) የሚቆይበት ጊዜ በልኩ ከሆነ፣ በዙሪያው ያለው ሳይጎዳ ዒላማው ብቻ ይሞቃል። ዒላማው በስሩ ውስጥ ያለው ቀይ ደም ነው። ችግሩ፣ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ያንኑ ብርሃን መጠጣቱ ነው። ብርሃኑ ወደ ስሩ ከመድረሱ በፊት በላይኛው ቆዳ ውስጥ ያልፋልና፣ ሜላኒን የበዛበት ቆዳ ራሱ ይቃጠላል። የቆዳ ሐኪሞች ቆዳን ከ1 እስከ 6 ይከፍሉታል፤ እኛ ቀይ ዳማ የምንለው እንኳ ብዙ ጊዜ 4ኛው ላይ ይወድቃል፣ ጠይሙ 5ኛው ላይ። ለነጭ ቆዳ የሚሠሩት 532 ናኖ ሜትርና 595 ናኖ ሜትር ሌዘሮች (ቁጥሩ የብርሃኑን ቀለም ይለያል)፣ እንዲሁም አይ ፒ ኤል የሚባለው የብልጭታ ማሽን፣ ለእንዲህ ያለው ቆዳ አይሆኑም። ሜላኒኑ ይጠጣቸዋል፤ የሚተርፈው የተላጠ፣ ከዚያም ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚቀር ምልክት ነው። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው፤ ሜላኒን ትንሽ ብቻ ይጠጣዋል፣ ጠልቆም ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 1064 የሚል ቁጥር ያለበት ማሽን ሁሉ ለስር አይሆንም። ንቅሳት ለማጥፋትና በከሰል ፊት ለማጽዳት የሚሠራው ኪው ስዊች የተባለውም 1064 ነው፤ ምቱ ግን በሰከንድ ቢሊዮንኛ የሚቆጠር ስለሆነ ስሩን ያፈነዳዋል እንጂ አብስሎ አይዘጋውም። ለስር የሚያስፈልገው ረጅም ምት ያለው ኤንዲ ያግ ነው፤ ለእግር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ። እናም ሲጠይቁ «ሌዘር አላችሁ?» አይበሉ። «ማሽኑ ስንት ናኖ ሜትር ነው? ምቱስ በሚሊ ሰከንድ ነው ወይ? ማቀዝቀዣ አለው? የሚተኩሰው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፀጉር የሚያስወግዱበትን ማሽን አሳይተው «ይህ ሁሉንም ይሠራል» ካሉዎት ያመስግኑና ይውጡ።

ትክክለኛው ማሽን ቢገኝ እንኳ፣ ለእግር ስፓይደር ቬን የመጀመሪያው ምርጫ በአብዛኛው መርፌ ነው፤ ስክሌሮቴራፒ ይባላል። ብዙ አንባቢ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፣ ሌዘር ዘመናዊ፣ መርፌ ኋላ ቀር ስለሚመስለው። እግር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መርፌው ወደ መጋቢው ስር ገብቶ ሙሉውን ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ይዘጋል፣ ከቆዳው ቀለም ጋርም ጉዳይ የለውም። በጣም ቀጭን በሆነ 30 ቁጥር መርፌ፣ ፖሊዶካኖል የተባለ መድኃኒት ለስፓይደር ቬን 0.5 በመቶ፣ ለመጋቢዎቹ 1 በመቶ ሆኖ ይሰጣል። የራሱ ጣጣም አለው፤ ከስሩ ውጭ ከፈሰሰ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል፣ በስሩ መንገድም ለወራት የሚቆይ ቡናማ ጥላ ሊተው ይችላል። ሌዘር ቦታ የሚኖረው ስሩ ለመርፌ በጣም ሲቀጥን፣ ከመርፌ በኋላ እንደ ጭረት የሚበተኑ አዳዲስ ቀይ ስሮች ሲወጡ፣ ሰውየው ለመድኃኒቱ አለርጂክ ሲሆን ወይም መርፌ ጨርሶ ሲፈራ ነው። ፊት ላይ ደግሞ ሌዘር ይቀድማል።

ሐኪሙ አይቶ ሌዘር ይሁን ካለ፣ በመጀመሪያ ቀን ሙሉውን አያስተኩሱ። በማይታይ ቦታ ሁለት ሦስት ምት ተሞክሮ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ጥቁረት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በማግስቱ ደህና መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በዕለቱ ቅባትም ሆነ ቅቤ ሳይቀቡ ይሂዱ። ሂና ወይም እንሶስላ የሞቁ ከሆነ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ቀጠሮውን ያራዝሙ፤ ቆዳ ላይ ያለ ቀለም ብርሃኑን ጠጥቶ ያቃጥላል። በዚሁ ምክንያት ስሩን የሚያሰምሩበት እርሳስ ነጭ መሆን አለበት፣ ጥቁር ስክሪብቶ አይሆንም። ጾም ላይ ከሆኑም ምግብ ቀምሰው የሚሄዱበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ሕክምናው ባዶ ሆድ አይፈልግም፣ ሕመምና ድንጋጤ ሲጨመርበት ባዶ ሆድ ያለ ሰው ይጥለዋል።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለዚያው ለ1064 የተሠራ መነጽር ያደርጋል፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ይህ ብርሃን በዓይን አይታይም፣ ቀጥታ ወደ ዓይን ውስጠኛው መጋረጃ ይደርሳል፣ ሲያቃጥልም ላያምም ይችላል። መነጽር ካልሰጡዎት አይተኙ። ከዚያ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ከምቱ በፊትም በኋላም፤ ማቀዝቀዣ የሌለበት ምት ለጠይም ቆዳ አደገኛ ነው። ኃይሉ ለእግር ብዙ ጊዜ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ100 ጁል በላይ ነው፤ ልኩን ግን የሚወስኑት የስሩ ውፍረት፣ የብርሃኑ ክብ ስፋትና የቆዳው ቀለም ናቸው፤ ሐኪሙ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሲተኮስ የተወጠረ ላስቲክ ቆዳ ላይ እንደሚለቁብዎት ያለ ትኩስ ንክሻ ይሰማዎታል። ጥሩ ምት ሲያርፍ ስሩ ይጠቁራል ወይም ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፣ ቆዳው ግን አይለወጥም። ቆዳው ራሱ አመድማ ወይም ነጭ ከሆነ ተቃጥሏል፤ «ይቁም» የማለት መብት አለዎት።

ስሩ አልጠፋ ሲል ያንኑ ቦታ ወዲያው ደግሞ መተኮስ የብዙ ጠባሳ ምክንያት ነው። የሞቀ ደም ወደ ሌላ መልክ ይለወጥና የ1064ን ብርሃን ከበፊቱ የበለጠ ይጠጣል፤ ሁለተኛው ምት ኃይሉ ያው ቢሆንም ሙቀቱ ይጨምራል። ምቶቹም መደራረብ የለባቸውም፣ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ይተዋል። የቀረው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆያል። በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ በየመሃሉ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። «በአንድ ቀን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ዋጋ ሲጠይቁም የአንዱን ቀጠሮ ሳይሆን የሙሉውን ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይያዙበት። መቅላትና ማበጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ስሩ ግን ለሳምንታት ከበፊቱ ጠቁሮ ሊታይ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ወይባ መሞቅና ሩጫ ይቅርብዎት፤ በእግር መሄድ ግን ይበጃል፣ በቀን 20 ወይም 30 ደቂቃ። ውሃ ከቋጠረ አያፍርጡት፣ ቅቤም ፌጦም የጥርስ ሳሙናም አይቀቡበት፤ በውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው ቫዝሊን በስሱ ቀብተው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑትና ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ይበረታል፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ቆዳን የሚያጠቁረው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እግር በረጅም ቀሚስ ይሸፈናልና መላ አለው። ፊት ግን አይሸፈንም፤ ለፊት ክረምቱን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ መጠበቅ ይሻላል።

እንግዲህ ሠርጉ ጥር ላይ ከሆነ ከዚያ በፊት ምንም አያስተኩሱ። ታኅሣሥ ላይ የተተኮሰ እግር ጥር ላይ ከነጥቁረቱ ነው የሚውለው። አሁን የሚሆነው ዶፕለሩና እግርን ጨበጥ የሚያደርግ ካልሲ ነው። ፋርማሲ ወይም የሕክምና ዕቃ መደብር ገብተው ከ15 እስከ 20፣ ሐኪም ካዘዘም ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚል የተጻፈበትን፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኮምፕሬሽን ካልሲ ይጠይቁ። ቁርጭምጭሚትና ባትዎን ጠዋት፣ እግርዎ ሳያብጥ ይለኩ፤ ከአልጋ ሳይወርዱ ይልበሱት፣ ማታ ያውልቁት። ከላዩ እየጠቀለሉ አያሳጥሩት፣ እንደ ገመድ ያስራል። ስኳር ሕመም ያለበት ወይም ሲራመድ ባቱን የሚያመው ሰው ግን ሐኪም የእግሩን ደም ዝውውር ሳያይ አይልበስ። ክፍል ውስጥም ሆነ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሲውሉ በየጊዜው ተረከዝዎን 10 ወይም 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው።

የእህትዎ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው፣ አስቸኳይም ነው። ፊት የሚያቀሉ ብዙ ክሬሞች ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው። ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ከሥሩ ያሉት ስሮችም ይሰፋሉ፤ ጉንጯ ላይ ያሉት መስመሮች ምናልባት የክሬሙ ሥራ ናቸው። በሳሳ ቆዳ ላይ ሌዘር መተኮስ ማቃጠል ነው። ቱቦውን ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሙሽራ ይህን ስታይ ደንግጣ ወደ ክሬሙ ትመለሳለች። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስተዋታል። ከቆመ በኋላ ባሉት ወራት መስመሩ ሊቀንስ ይችላል፤ የቀረው ያን ጊዜ ይታያል። እስከዚያው ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጻፈበት ሰንስክሪን፣ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ትቀባ፤ መስመሩንም ይሸፍንላታል። አገጯ ወይም አንገቷ ላይ ንቅሳት ካለም ለማንኛውም የሌዘር ሐኪም ትንገር፣ በንቅሳት ላይ የስር ሌዘር አይተኮስም።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም በቅርቡ ለመፀነስ ካሰቡ ሁሉም ይቆይ፤ በእርግዝና የወጡት ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙዎቹ ራሳቸው ይከስማሉ። ዶክሲሳይክሊን ወይም ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ከሆነ፣ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት እግርዎ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይናገሩ።

ሕክምናውን የሚያገኙት አዲስ አበባ ከሆነ ጉዞውን ከሕክምናው ጋር ያስቡት። መርፌ በተወጉ ማግስት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጦ መመለስ ደም ሊያረጋ ይችላል። ከተወጉ በኋላ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይራመዱ፣ ቢያንስ 3 ቀን እዚያው ይቆዩ፣ ሲመለሱም ካልሲውን አድርገው ሰው በወረደ ቁጥር ወርደው ይንቀሳቀሱ። አንዱ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ባት ቢያምና ቢሞቅ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቁርጭምጭሚቱ ስር ተቧጥጦ ቢደማ ደግሞ ቆመው አያጥቡት፤ ይተኙ፣ እግርዎን ከደረትዎ በላይ ያንሱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ሳይገልጡ ይጫኑት።